ጎርጎራ ላይ ቤት ከመግዛትዎ በፊት፦ ባሕሩ እስከ የት ይደርሳል?

የተከበሩ መምህር፤ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ የጻፉት ይህ ነው። ዘንድሮ ጡረታ ወጥተዋል፤ አዘዞ ላይ በእርስዎና በባለቤትዎ ስም ካርታ ያለው ቤት አለዎት፤ ልጆችዎ ራሳቸውን ችለዋል፤ ውጭ አገር የምትኖረው ልጅዎም በገንዘብ ልታግዝዎ ፈቃደኛ ናት። ቀሪ ዘመናችሁን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ አሳ እየበላችሁ፣ ባሕሩን እያያችሁ ለማሳለፍ ትፈልጋላችሁ። በየካቲት ወር አንድ ደላላ ወስዶ ከውኃው አፋፍ ላይ ያለ 500 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ አሳይቶዎታል። ባለይዞታው ገበሬ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ውል እንዲጻፍና የዋጋው ግማሽ በቀብድ እንዲከፈል ጠይቋል። እርስዎም ይህን ቦታ ልግዛ ወይ፣ ለዚሁ ብዬ የአዘዞውን ቤት ልሽጥ ወይ፣ ኑሮውስ እንደሚወራው ደስ ይላል ወይ፣ ታንኳ ገዝቼ አሳ ላጥምድ እችላለሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት። ያሳዩዎትን ቦታ አይግዙ፤ ቀብዱንም አይክፈሉ። የአዘዞውን ቤት አይሽጡ። ጎርጎራን ግን አይተዉት፤ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ መግቢያው በር ብቻ ነው የተሳሳተው። እኔ ጎንደር ላይ በጠበቃነት ስሠራ አብዛኛው ጉዳዬ የቤትና የይዞታ ክርክር ነው፤ ጎርጎራ ያለችበት ደምቢያም የእናቴ አገር ስለሆነ የምጽፍልዎትን በመዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን በእግሬም ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከሕጉ በፊት ስለ ውኃው ልናገር፤ ምክንያቱም ቦታውን ያዩት በየካቲት ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ ይሞላል፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግን ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን፣ መገጭና ድርማ፣ ርብና ጉማራ፣ ግልገል ዓባይም የሚባሉት ወንዞች ያመጡት ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ እየሸሸ ሄዶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በከፍታው ሲለካ ልዩነቱ በአብዛኛው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ይህም ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። የደምቢያ ሜዳ ግን እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። በ200 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ በሚዘቀዝቅ መሬት ላይ አንድ ሜትር ተኩል የወረደ ውኃ 300 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሲመለስም ያንኑ 300 ሜትር ይመለሳል።

ውኃው የለቀቀውን ይህን መሬት የአገሩ ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ገበሬው ባሕሩን እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራበታል፤ ውኃው ተመልሶ ሳይመጣም ያነሣል። ለእርሻ መልካም ሥርዓት ነው፤ አያቶቻችን ከሐይቁ ጋር ተዋውለው የኖሩበት መንገድ ነው። ለቤት ግን የማይሆን ነው። ስለ ቦታው በጻፉልኝ ውስጥ «አፈሩ ጥቁር ነው፣ መሬቱ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነጭ ነጭ ሆኖ ይታይበታል» የሚለውን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። የውኃ ቀንድ አውጣ በሕይወት ሳለ በደረቅ ሜዳ አይኖርም። ያ ቅርፊት እዚያ የተገኘው ውኃው እዚያ ስለነበረ ነው፤ ያሳዩዎት ቦታም እንደ ግምቴ ባሕር ሸሽ ነው።

ከዓመት ዓመትም ልኩ አንድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከልክ በላይ ከመውረዱ የተነሣ መርከቦች ለወራት መቆም ግድ ሆነባቸው፤ በዚያ ዓመት የተጋለጠውን መሬት ብዙ ሰው አርሶታል። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን፣ የደምቢያንም ዝቅተኛ ቀበሌዎች አጥለቅልቆ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አስወጣ። በዚህ ላይ የሐይቁ ከፍታ ዛሬ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውኃውን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ አለ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም ውኃውን በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይለቃል። ስለዚህ ውኃው በዚህ ዓመት ከየት ቆመ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መጠየቅ ያለብዎት ከደረሰበት ሁሉ ሩቁ የት ነው ብለው ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ደላላው ሳይሆን እዚያው ያረጀ አሳ አጥማጅ ነው። መስከረም ላይ ይሂዱ፤ አንድ ሽማግሌ ይያዙና «በክፉው ዓመት ውኃው እስከ የት ገባ?» ይበሏቸው። በጣታቸው የሚያሳዩዎትን ዛፍ ወይም አጥር ያስታውሱ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰው የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ቤትና ያደረገውን ቋሚ መሻሻል ነው። ገበሬው በእጁ የያዘው አረንጓዴ ደብተር የመጠቀም መብቱን የሚያረጋግጥ እውነተኛ ሰነድ ነው፤ ደላላው ይህን ደብተር አሳይቶዎት ከሆነ አልዋሸም። የዋሸው ደብተሩ ይሸጣል ሲል ነው። የገጠር መሬት ባለይዞታ መሬቱን ሊያወርስ፣ በሕጉ ለተፈቀደለት ሰው በስጦታ ሊሰጥ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሊያከራይ ይችላል፤ ሸጦ ሊወጣ ግን አይችልም። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ፣ አሻራ ያረፈበት፣ አምስት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል ቢኖርዎትም ውሉ የተመሠረተው ሕግ በከለከለው ነገር ላይ ስለሆነ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፈራሽ ነው።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሽያጩን በሌላ ልብስ ያለብሱታል፤ እርስዎንም «ጠበቃው እንዲህ ካለ ሌላ መንገድ አለ» ብለው እንዳይመጡብዎት መንገዶቹን ልዘርዝርልዎት። አንዱ የብድር ውል ነው፦ የቦታው ዋጋ ገበሬው ከእርስዎ የተበደረው ገንዘብ ተደርጎ ይጻፍና መሬቱ «እስኪከፍል ድረስ» በእጅዎ ይቆያል። ሌላው የስጦታ ወይም የኑዛዜ ውል ነው፤ ስጦታው ለማን እንደሚሰጥ ግን ሕጉ ይገድባል፣ ኑዛዜም ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊለውጠው የሚችለው ወረቀት ነው። ሦስተኛው ውክልና ነው፦ ገበሬው «በስሜ እንደ እኔ ሆኖ እንዲያዝበት» ብሎ ይወክልዎታል፤ ነገር ግን ወካዩ በሞተ ዕለት ውክልናውም ያልቃል፣ በሕይወት ሳለም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል።

በብድር ውል ገዝቶ ወደ እኔ የመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ቦታውን ይዞ ባለሁለት ክፍል ቤት ሠራ፣ ማንጎና ሎሚ ተከለ፣ ስምንት ዓመትም በሰላም ኖረ። ገበሬው ሲሞቱ ልጆቻቸው መጡ፤ አልተሳደቡም፣ አልተጣሉም፤ በውሉ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ቆጥረው «አባታችን የተበደሩት ይኸው» አሉት። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ብሩ ምን ያህል እንደወረደ እርስዎም በደመወዝዎ ያውቁታል። ደንበኛዬ በዚያ ገንዘብ የቤቱን ቆርቆሮ እንኳ መግዛት አልቻለም። እኔም ወረቀቱን አገላብጬ የምከራከርበት መስመር አጣሁ፤ ልጆቹ የጠየቁት ሰነዱ ራሱ የሚላቸውን ነበርና። ያን ዕለት ከቢሮዬ ሲወጣ ያየሁት ፊቱ ነው ይህን ሁሉ በዝርዝር የሚያስጽፈኝ።

የገበሬውንም ወገን እንዲያስቡት እለምንዎታለሁ። ያ ሰው ቦታውን የሚሰጥዎት ብዙ ጊዜ ዕዳ ይዞት፣ ልጅ ታሞበት ወይም ልጅ ድሮበት ነው። ገንዘቡ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ልጆቹ ግን የሚያርሱት ያጣሉ። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ያ መሬት ለልማት ቢወሰድ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣው የሚከፈለው መብቱ በሕግ ለሚታወቅለት ባለይዞታ እንጂ የመንደር ውል ለያዘ ሰው አይደለም። ጎርጎራ ደግሞ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ከለሙት ሥፍራዎች አንዷ ስለሆነች የባሕሩ ዳርቻ ከእንግዲህ ዝም ተብሎ የሚተው መሬት አይደለም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህም የዳርቻው ደንገልና ረግረግ የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ እዚያ ላይ የተሠራ ቤት ዛሬ ዝም ቢባል ነገ ይነሣል።

ታዲያ በሕግ የሚገዛው ምንድን ነው ቢሉ፣ በጎርጎራ ከተማ ክልል ውስጥ ያለ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው፣ የተሠራ ቤት ነው። ከባሕሩ አምስት ደቂቃ በእግር ቢርቅ አይዘኑበት። ጎርጎራን ከደምቢያ ሜዳ የሚለያት ድንጋያማ ኮረብታዎቿ ናቸው፤ ከኮረብታው ወገብ ላይ የተሠራ ቤት መሠረቱ በድንጋይ ላይ ያርፋል፣ ውኃው አይደርስበትም፣ ነፋስ ያገኛል፣ ትንኝ ይቀንስለታል፣ ባሕሩንም ከዳርቻው ቤት ይልቅ ራቅ አድርጎ ያያል። ከታች ያለው መረሬ አፈር ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተሠራውን ግንብ ይዞት ይሰነጠቃል። መሠረቱን በጥልቀት ቆፍሮ አፈሩን በጠጠር መለወጥ ይቻላል፤ ወጪው ግን የጡረተኛ ወጪ አይደለም።

ካርታውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ነባር ይዞታ ነው ወይስ ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ የሊዝ ቦታ የሚለውን ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሆኖ ተወስኗል፤ የሊዝ ቦታ ከሆነ ውሉን ራሱን ይጠይቁ፤ ስንት ተከፍሎ ስንት እንደቀረ፣ ግንባታው በውሉ ጊዜ ተጠናቆ እንደሆነ በዚያ ውስጥ አለ። ገና ያልተጀመረ ወይም ከግማሽ ያልደረሰ ቤት የሊዝ መብቱን ለማስተላለፍ የተለየ ሥርዓት አለው፤ ሻጩም የቦታውን ጥቅም ሙሉ በሙሉ እንዲወስድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ «መሠረቱ ወጥቷል፣ እርስዎ ይጨርሱታል» የሚል ሻጭ ሲመጣ ይጠንቀቁ። በካርታው ላይ ያለው ስፋትና በመሬት ላይ ያለው ችካል መመሳሰሉን በባለሙያ ያስለኩ፤ አጥሩ ከካርታው ወጥቶ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት የገባበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱም ስለ ዕዳና እገዳ፣ ስለ ከተማው ፕላንም የጽሑፍ መረጃ ይጠይቁ፤ ቃል አይበቃም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ግዴታ ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ከሚፈርሱት ውሎች መካከልም በዚህ ምክንያት የሚፈርሱት ጥቂት አይደሉም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ በማረጋገጫው ላይ ስማቸው ያለው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይኑሩ ሱዳን፣ መፈረም ወይም መወከል አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 ያዝዛል፤ ስምዎ ወደ ካርታው እስኪዞር ድረስም ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አይልቀቁ። ቀብድን በተመለከተ፣ ሕጉ የሰጠ ቢያፈርስ ሰጥቶት ይቀራል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ይህ የሚሠራው ግን ሕጋዊ ውል ላይ ነው፤ በመሬት ሽያጭ ላይ የከፈሉትን ግማሽ ዋጋ «እጥፉን መልስልኝ» ብለው የሚከራከሩበት ችሎት የለም።

ልጅዎ የውጭ ዜግነት ወስዳ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ወስዳ ከሆነ ቤቱን በስሟ ለመግዛት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ታውጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ይህ መታወቂያ ያለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ከመሆን አይከለከልም። በእርስዎ ስም የሚገዛ ከሆነ ግን የላከችው ገንዘብ ስጦታ ይሁን ድርሻ ከአሁኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። ዛሬ ሁላችሁም ተስማምታችኋል፤ ጽሑፉ የሚያስፈልገው እናንተ ካለፋችሁ በኋላ ወንድምና እኅት ሲቀመጡ ነው።

የአዘዞውን ቤት አይሽጡ ያልኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ገቢው ነው፤ ኪራዩ ጡረታዎን ይደጉማል፣ የኑሮ ውድነት ሲመጣም አብሮ ያድጋል፤ ጡረታው ግን እንደዚያ ፈጥኖ አያድግም። ሁለተኛውና የሚበልጠው ጤናዎ ነው። ቆላድባ ላይ ሆስፒታል ቢኖርም ልብ፣ ኩላሊት፣ ከባድ ስብራት ያለበት ሰው መጨረሻው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከጎርጎራ ጎንደር ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፤ ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንደነበረም ሁላችንም አይተናል። በስድሳ ዓመት ይህ ርቀት አይታወቅዎትም፤ በሰባ አምስት ይታወቅዎታል። አዘዞ ደግሞ በዚያው በጎርጎራው መንገድ አፍ ላይ ያለች ናት፤ አንዲት ክፍል ለራስዎ ቆልፈው ሌላውን ቢያከራዩ በሕመም ጊዜም፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ሲወጡም ማረፊያ ይኖርዎታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጎርጎራ ላይ ቤት ይከራዩና አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱን ጨምረው፣ ይኑሩ። በጥርና በየካቲት ጎርጎራን የማይወድ ሰው የለም። የሚፈትንዎት በሐምሌ ጭቃው፣ በመስከረምና በጥቅምት ወባው፣ በግንቦት ሙቀቱ ነው። ይህን ዓመት አልፈው አሁንም ከወደዷት ቤቱን ይግዙ። በዚያን ጊዜ የትኛው ቤት እንደሚሸጥ ከደላላ ሳይሆን ከጎረቤት ይሰማሉ፤ የትኛው ካርታ ክርክር እንዳለበትም እንዲሁ።

ስለ ጤና ከባለሙያ እንዲሰሙ እየመከርኩ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ጎርጎራ 1,800 ሜትር ገደማ። በዚህ መካከል የሙቀት ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢሆንም ለወባ ትንኝ ትልቅ ነው፤ አጎበሩን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚዘረጋ አድርገው አያስቡት። ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ሳለ ልጁ ፋሲል ወደ ጎንደር መውጣቱን ሲተርኩ ወባን ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያደርጉ አሉ። ሁለተኛው ከውኃ ቀንድ አውጣ የሚወጣ ጥገኛ ተውሳክ በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ቢልሃርዚያ ነው። ቀንድ አውጣ በሚኖርበት፣ ደንገልና ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ባዶ እግርዎን አይቁሙ፤ የልጅ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡም በዚያ ውኃ እንዲዋኙ አይፍቀዱ፤ የጎርጎራ ልጆች በዚህ በሽታ የታወቁ ተጎጂዎች ናቸው። በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይድናል፤ ግን ተመርምረው ካላወቁት ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል።

አሁን ደስታው ላይ እንምጣ፤ ይህንንም በሙሉ ልቤ እጽፈዋለሁ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወደቡ ላይ ይቁሙ። ታንኳዎቹ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ ያያሉ፤ ሌሊቱን የተጣለው መረብ ሲሳብ የመጣው አሳ እዚያው ይለያል። ቆሮሶው ለጥብስ፣ አምባዛው ለወጥ፣ ነጭ አሳው ለዱለትና ለጉላሽ የሚመርጠው ሰው አለው፤ እርስዎም ከጥቂት ወር በኋላ የራስዎን ምርጫ ያውቃሉ። ሲገዙ ጉንጩን ገልጠው ይመልከቱ፤ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ብሩህ፣ ሥጋው ሲነካ የሚመለስ ይሁን። ጥሬውን ባይበሉ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም አሳ የሚበላውና የማይበላው ሰው እንደየአባቱ ትምህርት ይለያያል፤ ገበያው ግን በጾሙ ይደምቃል፤ ዋጋውም ይወደዳል።

ከወደቡ ሳይርቁ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በሣር የተከደነችው ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳዋን የሞላው የጥንት ሥዕል፣ በዙሪያዋ ያሉት ዛፎችና ወፎቹ ለጡረተኛ መምህር ዓመት የሚያስተምሩ ናቸው። እርስዎ በጀልባ ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ተሻግረው መሳለም ይችላሉ፤ ሴቶች ስለማይገቡበት ግን ባለቤትዎ ዕለቱን በደብረ ሲና ቢያሳልፉ ይሻላል። ቤቱን ከገዙ በኋላ፣ ወይም ተከራይተው ሳሉ ገና፣ ዕድር ይግቡ፤ የማርያምን ማኅበር ይጠጡ። በትንሽ ከተማ ሰው የሚታወቀው በካርታው አይደለም፤ ለቅሶ በመድረሱ ነው። ከጎንደር መጥቶ አጥር አጥሮ የተቀመጠ ሰውና ከጎንደር መጥቶ ድንኳን ሲተከል ገመድ የሳበ ሰው፣ ቤታቸው ጎን ለጎን ቢሆንም፣ ኑሯቸው አንድ አይሆንም።

ሐይቁ ራሱ ታሟል፤ ይህንን ሳያውቁ እንዲሄዱ አልፈልግም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ይዞታል፤ ነፋስ እየነዳው ዛሬ የጠራው ወደብ በሳምንቱ አረንጓዴ ሜዳ መስሎ ሊያድር ይችላል፤ መረብ ይበላል፣ ታንኳ ያግዳል። ነጭ አሳውም እየቀነሰ ነው። ዓይነቶቹ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የሉም፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የጠበቃቸው ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ወቅት ሆዱ በዕንቁላል የተነፋ ነጭ አሳ ቢያቀርቡልዎት አይግዙት።

እዚህ ላይ የታንኳው ጥያቄዎ ይመለሳል። ለሽያጭ አሳ ማጥመድ ፈቃድና ሕግ ያለው ሥራ ነው፤ በአሳ አጥማጅ ማኅበራት የተደራጁት ልጆች እንጀራም ነው፤ እርስዎ ጡረታ ያለዎት ሰው መረብ ገዝተው እንዲገቡበት አልመክርም። ለራስዎ ደስታ ግን ታንኳ ላይ መውጣትን የመሰለ ነገር የለም። የደንገል ታንኳ አይግዙ፤ ከውኃ ወጥቶ በየጊዜው ካልደረቀ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ በጥቂት ወራትም ያረጃል፤ ለማያውቅ ሰውም ይገለበጣል። «ነገደ» ከሚባሉት የጣና ዳር ማኅበረሰብ ሰዎች ወይም ከሌሎቹ አጥማጆች አንዱን ወዳጅ ያድርጉ፤ የቀን ሒሳቡን ይክፈሉት፤ እሱ ይቅዘፍ፣ እርስዎ መንጠቆዎን ይዘው ይቀመጡ። ጉማሬ የሚውልበትን ጥግ የሚያውቀውም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ለትንሽ ታንኳ ይከብዳል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ወጥታችሁ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ወደብ ትገባላችሁ፤ አሳው ለምሳ ይደርሳል።